የሥዕል መጽሐፍ ፊልም ሲሆን ጊዜው የማን ነው?

የታወቀ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ወደ ፊልም በተዛወረ ቁጥር በመካከላችን የሚነሣው ክርክር አንድ ዐይነት ነው። አንደኛው ወገን «መጽሐፉን አበላሹት» ይላል፤ ሁለተኛው «ፊልም ፊልም ነው፤ መጽሐፍም መጽሐፍ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ነገሩን ከሥሩ አልያዙትም ብንል ድፍረት አይሆንብንም። መጠየቅ የሚገባው ፊልሙ ከመጽሐፉ ምን ያህል ራቀ ተብሎ ሳይሆን፣ በልጁ እጅ የነበረው ጊዜ ወዴት ሄደ ተብሎ ነው።

ይህንንም እናብራራው። ረዥም ልብ ወለድ ፊልም ሲሆን የአዘጋጁ ጭንቀት መቀነስ ነው፤ አራት መቶ ገጽ በሁለት ሰዓት አይሞላለትምና። የሥዕል መጽሐፍ ግን ድምፅን ከፍ አድርገው ቢያነቡት አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ስለዚህ አዘጋጁ መጨመር ይገደዳል። ሌላም ችግር አለ። የመጽሐፉ ገጽ የሚገለጠው በልጁ ፈቃድ ነው። የሚያስፈራው ሥዕል ላይ ሲደርስ ይዘጋዋል፤ ደፈር ሲል ይከፍተዋል፤ የወደደውን ገጽ ሃያ ጊዜ ይመላለስበታል። ተረት እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ልጁ «እሺ፣ ከዚያስ?» ካላለ ተረት ነጋሪውም ዝም ይላል። ፊልም ግን ሳይጠየቅ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመውን «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግዝ አር» የተባለ መጽሐፍ እንመልከት፤ በአማርኛ «አውሬዎቹ ያሉበት» እንበለው። በጠቅላላው 338 ቃላት ብቻ ነው ያለው። ማክስ የሚባል ልጅ የተኩላ ልብስ ለብሶ ቤቱን ቢያውክ እናቱ ያለ እራት ወደ መኝታው ትሰደዋለች፤ ክፍሉ ደን ይሆናል፤ እሱም በጀልባ ተሳፍሮ አውሬዎቹ አገር ይደርስና ይነግሥባቸዋል፤ በኋላም ቤቱ ይናፍቀውና ይመለሳል። የመጽሐፉ ጥበብ ግን በገጹ ላይ ነው። መጀመሪያ ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ዙሪያው ሰፊ ነጭ ቦታ ነው። ልጁ ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ ሥዕሉም እየሰፋ ነጩን ይበላዋል፤ አውሬዎቹ ሲጨፍሩ ሥዕሉ ያለ አንዲት ቃል ግራና ቀኙን ገጽ ይሞላል፤ ይህም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ነው። ከዚያ ሥዕሉ እንደ ገና ያንሳል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነጭ ወረቀትና ጥቂት ቃላት ብቻ ይቀራሉ። ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን እንኳ ይህ መስፋትና መጥበብ ይሰማዋል።

በሲኒማ ቤት የሸራው ስፋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው። ስፓይክ ጆንዝ በ2009 ይህንኑ መጽሐፍ ፊልም ሲያደርገው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል መሙላት ነበረበት። ክፍሉ ደን ሲሆን አላሳየንም፤ ማክስ ከቤት ሮጦ ወጥቶ ጀልባ ያገኛል። በመጽሐፉ ስም ያልነበራቸው አውሬዎችም ስምና ጠባይ ተሰጣቸው፤ አንዱ ቅናተኛና ቍጡ፣ አንዷ ነገረኛ ሆኑ። ሴንዳክ ራሱ ከፊልሙ ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ስለ ነበረ ደራሲው ተበደለ ማለት አይቻልም። የፊልሙም ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት የተሠራው ልጅነቱን ለሚያስታውስ ዐዋቂ ነው፤ ልጁ በራሱ ሐሳብ ይሞላው የነበረውን ዝምታ አውሬዎቹ በንግግር ሞልተውበታል።

ማሳጠርም ይቻል ነበር። በ1953 የተቋቋመው ዌስተን ዉድስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የመጽሐፉን ሥዕል እንዳለ አስቀምጦ ካሜራውን ቀስ እያለ በገጹ ላይ በማንሸራሸር ብዙ አጫጭር ፊልሞች አውጥቷል። ይህ ዘዴ ለዐይን ጊዜ ይሰጣል፤ ግን አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ ያመጣል!

ታዲያ መጨመር ሁሉ ጥፋት ነውን? አይደለም። እንግሊዛዊው ሬመንድ ብሪግስ በ1978 ያወጣው «ዘ ስኖውማን» ቃል የሌለው መጽሐፍ ነው፤ አንድ ልጅ የሠራው የበረዶ ሰው ሌሊት ነፍስ ይዘራል፤ አብረው ይበራሉ፤ ሲነጋ ቀልጦ ይገኛል። በ1982 ዳያን ጃክሰን ሃያ ስድስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የካርቱን ፊልም ስታደርገው በመጽሐፉ የሌሉትን የበረዶ ሰዎች ግብዣና የገና አባት ጨመረችበት። ነገር ግን ከሃዋርድ ብሌክ አንድ መዝሙር በቀር ታሪኩ ያለ ንግግር ይሄዳል፤ ሥዕሉም የእርሳስ ቀለሙን አልተወም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የበረዶው ሰው ይቀልጣል፤ ማንም መጥቶ ልጁን አያጽናናውም። ለልጆች ብሎ ይህን ማለሳለስ ለአዘጋጅ እንዴት ቀላል እንደ ነበረ፣ አንባቢ ሆይ፣ አስበው።

የዶክተር ስዩስ «ግሪንች» ደግሞ ሁለቱንም መንገድ አይቷል። በ1957 የወጣው መጽሐፍ የገናን በዓል ስለሚጠላና የመንደሩን ስጦታ ሁሉ ስለሚሰርቅ ፍጥረት ይናገራል። በ1966 ቸክ ጆንስ ለቴሌቪዥን ሲሠራው በጥቁር፣ በነጭና በቀይ ብቻ ታትሞ የነበረውን ግሪንች አረንጓዴ ቀባው፤ ርዝመቱ ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሁለቱ ሰዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሮች ማስተማሪያ የካርቱን ፊልም አብረው ስለ ሠሩ በደንብ ይግባቡ ነበር። በ2000 ሮን ሃዋርድ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ የሆነ ፊልም ሲያወጣ ጊዜውን በምን ሞላው? ለግሪንች የልጅነት ታሪክ ፈጠረለት፤ በትምህርት ቤት እንደ ተሣቀበትና ከዚያ በኋላ እንደ ሸፈተ ተነገረን። ስዩስ ግን የጥላቻውን ምክንያት ማንም አያውቀውም ብሎ፣ ምናልባት ጫማው ጠቦት ይሆናል እያለ ያሾፍ ነበር። አዲሱ ፊልም ቀልዱን አነሣና በቦታው መልስ አኖረ፤ ሰዓቱም ሞላለት።