ገፈርሳ፦ ያረጀ የውሃ ማጣሪያ ምኑ ይታደሳል?

በአምቦ መንገድ ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ቡራዩን አለፍ እንዳለ ከመንገዱ ዳር ሰፊ ውሃ ተኝቶ ያያል። የወፍ አድናቂዎች ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ፍለጋ ወደዚያ ይሄዳሉ። ውሃው ግን ለዝይ ተብሎ የቆመ አይደለም። የገፈርሳ ግድብ ነው፤ ከጎኑ ያለው ማጣሪያ ጣቢያም አዲስ አበባን ዘመናዊ ከተማ ካደረጓት አንጋፋ ሥራዎች አንዱ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ እስከ ቤተ መንግሥቱ ቧንቧ ዘረጋ። ከተማዋ ስትሰፋ የምንጭ ውሃ አልበቃ አለና በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ። ማጣሪያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ፤ በዚያው ዐሥርት መጨረሻ ከበላዩ ሌላ ግድብ ታከለለት። የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እስኪደርስ ድረስ የመዲናዋ ዋና የውሃ ምንጭ ገፈርሳ ነበር።

የማጣሪያው አቅም በቀን 30 ሺህ ሜትር ኩብ ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ቢቀዳ አንድ ሚሊዮን ተኩል ጄሪካን ይሞላል። ከዛሬዋ አዲስ አበባ ፍላጎት አንጻር ትንሽ ነው። ሆኖም አንድ ጸጋ አለው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠ ውሃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ወደ ከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ይወርዳል። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጡት የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ግን ውሃቸውን ከዝቅተኛው የከተማዋ ጫፍ ሽቅብ የሚገፋ ፓምፕ ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የማጣሪያው ሥራ ከውጭ ሲታይ ምንም አያስደንቅም፤ ገንዳ፣ ቦይ፣ ቫልቭ፣ አሸዋ። ክረምት ላይ የሚገባው ውሃ ሻይ በወተት ይመስላል። ያን የሚያደፈርሰው ጭቃ እጅግ ከመድቀቁ የተነሳ ለቀናት ቢቀመጥ እንኳ አይሰፍርም፤ ቅንጣቶቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አሉሚኒየም ሰልፌት የሚጨመረው ይህን መገፋፋት ለመስበር ነው። ኬሚካሉ በአገር ውስጥም አዋሽ መልካሳ ላይ ይመረታል።

ስንት ይጨመር? ይህ በግምት አይሆንም። ባለሙያው ጃር ቴስት ይሠራል። ከግድቡ የተቀዳውን ውሃ በስድስት ብርጭቆ ይከፍላል፤ በእያንዳንዱ የተለያየ መጠን ኬሚካል ይጨምራል፤ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ያማስላል፤ ከዚያ ያቆመዋል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ጭቃው እንደ ተባዘተ ጥጥ ተያይዞ ወደ ታች ሲወርድ በዓይን ይታያል። በትንሹ ኬሚካል በደንብ የጠራው ብርጭቆ የዕለቱን መጠን ይወስናል። ሌሊት ከባድ ዝናብ ከጣለ ጠዋት ፈተናው እንደገና ነው።

የተያያዘው ጭቃ በማዝቀጫ ገንዳ ይሰፍርና ከላይ የቀረው ውሃ ወደ አሸዋው ያልፋል። ፈጣን በሚባለው የአሸዋ ማጣሪያ የአሸዋው ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ነው፤ ቅንጣቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አሸዋው ጭቃ እየያዘ ሲደፈን ውሃ ከታች ወደ ላይ በኃይል ይለቀቅበትና ይታጠባል። እንግዲህ ያረጀ ማጣሪያ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አጠባው ለዓመታት በደካማ ግፊት ከተካሄደ ጭቃው ከአሸዋው ጋር እየተጋገረ ድቡልቡል ይሠራል፤ ውሃው በድቡልቡሎቹ መካከል መንገድ ፈልጎ ሳይጣራ ይሾልካል። ከላይ ያለው ሰው የሚያየው ደህና አሸዋ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ክሎሪን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ድፍርስነቱ ከአንድ ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በታች እንዲሆን የሚመክረው በከንቱ አይደለም፤ ጀርም ከጭቃ ቅንጣት ጀርባ ይሸሸጋል። ውሃው ቤት ሲደርስም በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊቀርበት ይገባል። ሽታው የሚያስከፋው ሰው ብዙ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ምንም የማይሸተው ነው።

ስለዚህ “ማጣሪያው ይታደሳል” ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሜትር ኩብ እንደሚጨመር አይደለም። አሸዋው ይወጣል ወይ? የአጠባው ግፊትስ? ቫልቮቹ እስከ መጨረሻው ይዘጋሉ? ቀለምና አጥር ለምረቃ ቀን ያምራሉ፤ ድቡልቡሉን ጭቃ ግን አያወጡም። ከግድቡ በላይ ያለው መሬትም የማጣሪያው አካል ነው። ተዳፋቱ በታረሰና በተጋጠ፣ ቤት በተሠራበት ቁጥር ደለሉ ይጨምራል፤ የግድቡ ሆድ ይጠባል፤ የኬሚካሉ ወጪም ይንራል። ከማጣሪያው በታች ባለው ቧንቧ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በከተማዋ ከሚመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ ገንዘብ ሳይከፈልበት ይቀራል፤ አብዛኛውም በየመስመሩ ይፈስሳል። ስለዚህ ማጣሪያን ብቻ ማደስ ግማሽ ሥራ ነው።

የአዲስ አበባ ጎረቤት ከተሞች ነገር ደግሞ ያስገርማል። ግድቡ ደጃፏ ሆኖ ቡራዩ የኖረችው በአብዛኛው በራሷ ጉድጓድና ምንጭ ነው። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች የሰፈሩባት ናት፤ ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ አገር። ሦስቱም በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ተደግፈው አደጉ፤ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ከሌሎች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። በሦስቱም ከተሞች ፈረቃ፣ ሮቶና ቦቴ የዕለት ቋንቋ ናቸው። ከገፈርሳ የሚወጣው ውሃ ለማን ይድረስ የሚለው ክርክር ማጣሪያው በታደሰ ቁጥር መነሳቱ አይቀርም፤ መነሳቱም ተገቢ ይመስለኛል።

የእድሳቱ ሥራ መቼ ይሠራ የሚለውም ቀላል አይደለም። ክረምት ላይ ውሃው ስለሚደፈርስ አንድም የማጣሪያ ክፍል ከሥራ ማውጣት ያስቸግራል። በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ከተማው ይጠማል። የቀረው ግድቡ ሞልቶ፣ ጭቃው ሰፍሮ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ ያለው የጥቅምትና የኅዳር ጊዜ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሁሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንዱን ክፍል ዘግቶ፣ አሸዋውን አውጥቶ፣ ሌሎቹን እያሠሩ ነው።