ኦቲጂ፦ ስልክን ወደ ኮምፒዩተር የምታስጠጋ ቁራጭ ዕቃ

ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ ከመንገድ ዳር የሞባይል ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ የመስታወቱን ሣጥን ያየ ሰው የሚጎድል ዕቃ ያለ አይመስለውም። ካቨር፣ ግላስ፣ ቻርጀር፣ ኤርፎን፣ ሚሞሪ፣ ፍላሽ፣ ፓወር ባንክ በየዓይነቱ ተደርድሯል። ከዚህ ሁሉ መካከል ዋጋዋ ከብዙዎቹ የሚያንስ፣ ሥራዋ ግን ከሁሉም የሚሰፋ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። ሻጩ ካልተጠየቀ አያነሣትም፤ ገዢውም ስሟን ስለማያውቅ አይጠይቅም። አንዱ ጫፏ ስልኩ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ጫፏ ፍላሽ የሚቀበል ሰፊ ቀዳዳ ነው። ኦቲጂ ይሏታል።

ሥራዋን ለመረዳት ስልክና ኮምፒዩተር በኬብል ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይበቃል። በዩኤስቢ ሕግ ሁለት እኩያዎች የሉም፤ አንዱ አስተናጋጅ፣ ሌላው እንግዳ ነው። አስተናጋጁ ኃይል ይሰጣል፣ ይጠይቃል፣ ያዝዛል፤ እንግዳው የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ኮምፒዩተር ሁልጊዜ አስተናጋጅ ነው፤ ስልክ፣ ፍላሽ፣ ማውዝና ኪቦርድ ደግሞ እንግዶች። ፍላሽን ከስልክ ጋር በተራ ኬብል ማገናኘት ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሁለት እንግዶች ተፋጥጠው ይቀመጣሉ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የዩኤስቢ ደንብ አውጪዎች አንድ ዕቃ እንደ ሁኔታው ሁለቱንም ወንበር ተራ በተራ እንዲይዝ የሚፈቅድ ተጨማሪ ደንብ አወጡ። ኦቲጂ የዚያ ደንብ ስም አጭር መጠሪያ ነው።

ውስጧ ሲታይ ደግሞ ያስገርማል፤ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሰፋ ያለ ጎን ባላት በድሮዋ ማይክሮ መሰኪያ ውስጥ አምስት ፒኖች አሉ። ተራው ኬብል አራቱን ብቻ ይጠቀማል፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። ኦቲጂ አምስተኛውን ፒን ከኔጋቲቩ መስመር ጋር ታገናኘዋለች፣ አለቀ። ስልኩ ይህንን ሲያይ ተራው የእሱ መሆኑን ይረዳና 5 ቮልት አውጥቶ ማዘዝ ይጀምራል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በመጣው ታይፕ ሲ ደግሞ ያንኑ ምልክት የምትሰጠው በመሰኪያው ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ሬዚስተር ናት። ርካሽ የሆነችውም ስለዚህ ነው። ሊጫንላት የሚገባ ፕሮግራም የለም፤ ስልኩ ከደገፋት ትሠራለች፣ ካልደገፋት አትሠራም። ኦፖና ሪልሚን በመሳሰሉ አንዳንድ ስልኮች ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኦቲጂ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል፤ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ከፈታም ስልኩ መልሶ ይዘጋዋል። ‘አይሠራም’ ተብሎ ለሻጩ ከሚመለሰው ዕቃ አንዳንዱ ጉድለቱ ይኸው ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ጥቅሟ ፍላሽ ማንበብ ነው። ስልክ ሲሞላ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ የልጆቹን ፎቶ እየመረጡ ማጥፋት፣ ወይም ቪዲዮውን በቴሌግራም ለራስ ልኮ ከስልኩ መሰረዝ። ሁለተኛው መላ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ መልካም ነው። በአማራ ክልል ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በይነመረብ ላይ የተቀመጠ ፎቶና ሰነድ ቢኖርም እንደሌለ ነው፤ ፍላሽ ላይ ያለው ግን ኪስ ውስጥ አለ። ከስልክ ወደ ፍላሽ ሲገለብጡ አንድ ልማድ ይያዙ፤ መጀመሪያ ኮፒ አድርገው፣ ፍላሹ ላይ ከፍተው መታየቱን አረጋግጠው፣ ከስልኩ ማጥፋት ከዚያ በኋላ ነው። ፍላሹን ከመንቀልዎ በፊትም ‘ኢጀክት’ ይበሉት።

ፍላሹ በስልክ ካልተነበበ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ያለው ፎርማቱ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ላይ በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ፍላሽ በብዙ ስልኮች አይነበብም። በፋት32 ሲዘጋጅ ሁሉም ያነበዋል፤ ነገር ግን ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ በሙሉ ጥራት የተቀበለ ሰው ‘ቦታ እያለው እምቢ አለኝ’ የሚለው ይህንኑ ነው። ኤክስፋት ይህ ወሰን የለበትም፤ አዳዲሶቹ ስልኮችም ያነቡታል። ፎርማት ሲደረግ በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ መቼም መናገር አያስፈልግም።

ድምፅ ደግሞ ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ ቦታ ይወስዳል። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ ትረካ በሰዓት 29 ሜጋ ገደማ ቢይዝ ነው፤ አንድ ጊጋ ላይ ወደ 35 ሰዓት ይሰፍራል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ‘ፍቅር እስከ መቃብር’ን የሚያህል ረጅም ልቦለድ ባለ 4 ጊጋ ፍላሽ ጥግ ላይ ይገባል ማለት ነው። ታሪኩ ከሚከናወንባቸው ቦታዎች አንዷ ዲማ ከቢቸና ብዙም አትርቅም፤ የአካባቢው ልጅ ስለ ገዛ አገሩ በወጋየሁ ድምፅ ለመስማት የኢንተርኔት ፓኬጅ መግዛት የለበትም።

ጥገና ቤት ያሉ ሰዎች ኦቲጂን የሚወዷት በሌላ ምክንያት ነው። ስልክ ወድቆ ታቹ መሥራት አቁሞ ምስሉ ግን ቢታይ፣ ባለቤቱ ማለፊያ ቁልፉን እያወቀ ሊከፍተው አይችልም። በኦቲጂ ተራ የኮምፒዩተር ማውዝ ሲሰካ ስክሪኑ ላይ ቀስት ብቅ ይላል፤ በእሱ እየተጫኑ ስልኩን ከፍቶ ፎቶውንና ስልክ ቁጥሮቹን ማውጣት ይቻላል። አዲስ ስክሪን የመቀየር ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ጋር በሚወዳደርበት ጊዜ ይህች ማውዝ ብዙ ትዝታ ታድናለች። ስክሪኑ ጭራሽ ከጨለመ ግን አትረዳም።

ለኔ ትልቁ ጥቅሟ ኪቦርድ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያዘጋጅ መምህር፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ፣ የየኔታን ቅኔ ከቃል ወደ ጽሑፍ ለማስፈር የሚሻ ተማሪ፣ ሁሉም ላፕቶፕ የላቸውም፤ ስልክ ግን አላቸው። በአውራ ጣት አንድ ገጽ አማርኛ መጻፍ ትዕግሥት ይጨርሳል። ስለዚህ በእጅ ተጽፎ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ይወሰዳል፣ በገጽ ይከፈላል፣ ስሕተቱ ታርሞ እንደገና ይከፈላል። ከተበላሸ ዴስክቶፕ የቀረ የዩኤስቢ ኪቦርድ በኦቲጂ ስልክ ላይ ሲሰካ ግን ወዲያው ይጽፋል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የጽሑፍ ፕሮግራሞችም ስልክ ላይ አሉ።

ችግሩ አማርኛው ነው። ስልኩ ላይ የምንነካው የአማርኛ ኪቦርድ ከውጭ የተሰካውን ላያዝዝ ይችላል፤ ከውጭ ሲጻፍ እንግሊዝኛ ብቻ ይወጣል። ኪማን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከውጭ የተሰካውንም ኪቦርድ ወደ አማርኛ ይመልሳል። አጻጻፉ በድምፅ ነው፤ ‘ኤስ’ን ብቻ ሲነኩ ‘ስ’፣ ‘ኢ’ን ሲያስከትሉ ‘ሰ’ ይሆናል። ኪማን ኮምፒዩተር ላይም ስለሚጫን እጅ አንዴ ከለመደው ሁለቱም ቦታ ይሠራል።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ የቆየ ዕዳ ይነሣል። ከየመሥሪያ ቤቱ በፍላሽ የመጣ የአማርኛ ሰነድ ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ የሚታየው ለምንድን ነው? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአገራችን ፕሮግራም ሠሪዎች ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው በላቲን ፊደል ቦታ የግዕዝ ፊደል የሚስሉ ፎንቶች ሠሩ። ያ ብልሃት አማርኛን ለዓመታት በኮምፒዩተር ያስጻፈ ነውና አክብሮት ይገባዋል። ነገር ግን ሰነዱ ውስጥ የተቀመጠው ላቲን ስለሆነ፣ ያ ፎንት የሌለበት ስልክ ያየውን ላቲን ያሳያል። የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች እንዲህ ነበሩ፤ በነሱ መጻፍ የለመደ ጸሐፊም ዛሬ ድረስ አልተዋቸውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ሰነዱ በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየር፤ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። ለማረም ከሆነ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ፎንት ይጻፍ። የጽሕፈት ቤት ደንበኛ ‘በዩኒኮድ ጻፉልኝ’ ማለትን ቢለምድ ከሰነዱ ጋር እስከ መጨረሻው አይጣላም።

ወደ መብራት መጥፋት ስንመጣ፣ ስልክ ከኮምፒዩተር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት የስልክ ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይይዛል። ከነስክሪኑ 100 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ በዚያ ኃይል ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ስልኩ ግን ቀኑን ያሳልፋል። መብራት ሲጠፋ ከኪቦርድ ጋር የተያያዘ ስልክ መጻፉን ይቀጥላል። ኦቲጂ ግን ገደብ አላት፤ መሰኪያው በኦቲጂ ስለተያዘ ተራ ስልክ ያን ጊዜ ቻርጅ አይደረግም። የሚሽከረከር ትልቅ ሃርድ ዲስክ መሰካትም ባትሪውን ይመጠዋል፣ አንዳንዱም ኃይሉ ስለማይበቃው ጭራሽ አይነሣም።

ፓወር ባንክ ለመግዛት ያሰቡ ደግሞ ላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር አይሞኙ። 10,000 የሚለው በውስጡ ያለው ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲል ቁጥሩ ይወርዳል፣ በመንገድም በሙቀት የሚባክን አለ። ከላይ ያልነውን ስልክ ሁለቴ ሳይሆን አንዴ ተኩል ገደማ ቢሞላ ሻጩ አላጭበረበረም።

የሚያጭበረብረው ሌላ ነው፤ በተራ ፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ ባለ 512 ጊጋ ፍላሽ። ውስጡ ትንሽ ሆኖ ለስልኩም ለኮምፒዩተሩም ‘ትልቅ ነኝ’ ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ መቀበሉን አያቆምም፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ወይም የተበላሸ ነው። ጉዳዩ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ አዲስ ፍላሽ እንደገዙ እስኪሞላ ድረስ ቪዲዮ ጭነው መጨረሻ የገባውን ከፍተው ይዩት። ኬብልም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ርካሽ ኬብል ለኃይል የሚሆኑትን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ይዞ ስለሚመጣ ስልኩን ይሞላል እንጂ ከኮምፒዩተር ጋር አያገናኝም።

ኦቲጂ ሲገዙ ስልክዎ ማይክሮ ይሁን ታይፕ ሲ መሰኪያውን ዐይተው ይለዩ፤ ታይፕ ሲ በሁለቱም ገጽ ይገባል፣ ማይክሮ በአንድ ወገን ብቻ። ከቤት አንድ ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሰኩትና ፋይል ማኔጀር ከፍተው ፎቶ ይዩበት።