የባሕረ ኤርትራ ደጅ ጠኚዎች

የወደብ ከተማ ዕጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ያልፍበታል እንጂ ሊያውቀው አይቆምም። በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የኤውሮጳ ተጓዦች አብዛኞቹ የከተማይቱን የሙቀት ብርታትና የገዢዎቿን ቀረጥ ካማረሩ በኋላ፣ በቅሎና ግመል እንደ ተገኘላቸው ብዕራቸውን ወደ ደጋው አዙረዋል። ይህን ልማድ፣ ወደውና አስበው ሳይሆን መንገድ ተዘግቶባቸው ካፈረሱት ጥቂቶች መካከል፣ ይህን ጽሑፍ ከምጽፍባት ከስቶክሆልም የተላኩ ስዊድናውያን ይገኛሉ፤ ደጅ ጥናት ለደጅ ጠኚው መከራ ቢሆንም፣ በአዳራሽ ተጋብዞ የማይታወቀውን የደጁን ሰው እንደሚያሳውቅ የእነርሱ ታሪክ ያስረዳልና፣ ነገሩን ከመነሻው ማውሳት ተገቢ መስሎኛል።

በስቶክሆልም እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1856 የተመሠረተውና (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእኛ ዘንድ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተብሎ የሚታወቀው ማኅበር፣ መልእክተኞቹን ወደ አፍሪቃ ለመላክ በቈረጠ ጊዜ ዓይኑን የጣለው በባሕሩ ዳርቻ ላይ አልነበረም፤ በሸዋ ተቀምጦ የኦሮሞን ቋንቋ ያጠናው ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ይሰጥ የነበረውን ምክር ተከትሎ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ አገር ለመዝለቅ ነበር እንጂ። በ1866፣ የስዊዝ ቦይ ሊከፈት ገና ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ሦስት ወጣቶች ባሕረ ኤርትራን ወርደው ምጽዋ ደረሱ።

የተነሡባትና የደረሱባት ከተማ ሁለቱም በደሴት ላይ የተቈረቈሩ ናቸው፤ ዳሩ ግን ከዚህ በቀር የሚያመሳስላቸው ነገር አልነበረም። ስቶክሆልም የሜላረን ሐይቅ ከባልቲክ ባሕር ጋር በሚገናኝበት በ14 ደሴቶች ላይ የተቀመጠች፣ የባሕሯ ውሃ ጨውነቱ የለዘበና በብርዱ ወራት የሚረጋ፣ በታኅሣሥ የቀኗ ብርሃን ከስድስት ሰዓት እምብዛም የማያልፍ ከተማ ናት። ምጽዋ ግን፣ ተወላጆቿ ባጽዕ የሚሏት፣ ከዓለም ባሕሮች ጨው ከሚበዛባቸው በአንዱ ዳር፣ ቤቶቿ ከባሕር በተቈረጠ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ፣ በበጋው ትኩሳት ከ40 ዲግሪ በላይ የምትጋይ፣ ከ1557 ጀምሮ ለቱርክ ስታድር ኖራ በ1865 ለግብፅ የተላለፈች ወደብ ነበረች። በጥንታዊው በሼክ ሐናፊ መስጊድ ዙሪያ በተጠጋጉት ጠባብ መንገዶቿ ትግረና ሳሆ፣ ዓፋርና ዓረብ፣ ባንያን የሚባሉትም የህንድ ነጋዴዎች ይተላለፉ ነበር፤ ከደሴቷ ፊት ለፊት ባለችው በሕርጊጎም ናይብ የሚባሉት የአካባቢው ገዢዎች ቤተ ሰብ ለብዙ ዘመን የመንገዱ ባለቤት ሆኖ ኖሯል።

መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ኤውሮጳውያንን ባሠሩበት በዚያ ዘመን አንድ ፈረንጅ በደኅና ወደ መኻል አገር ሊዘልቅ አይችልም ነበርና፣ ስዊድናውያኑ በምዕራቡ ቈላ በኩል ሊዞሩ አስበው ወደ ኩናማ አገር ሄዱ፤ በዚያም ከእነርሱና ተከትለዋቸው ከመጡት ወንድሞቻቸው አንዳንዶቹ በንዳድ ሞቱ፣ አንዳንዶቹም ተገደሉ፤ የተረፉትም ወደ ባሕሩ ተመለሱ። በዚሁ መካከል በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ፣ ከምጽዋ በስተደቡብ በምትገኘው በዙላ፣ 13,000 የሚሆን የእንግሊዝ ሠራዊት ከ44 ዝሆኖች ጋር አርፎ፣ እስከ መቅደላ ዘምቶ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በመጣበት መርከብ ተመለሰ። ያ ሁሉ ጦር ዳርቻውን ረግጦት አለፈ እንጂ ተዋወቀው ለማለት አይቻልም፤ ይህን ስል ግን ስዊድናውያኑን ለማመስገን ብቻ አይደለም፣ እነርሱም ቢሆኑ መንገዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ እንደዚያው ባለፉ ነበርና።

የተቀመጡት ከደሴቷ ወጣ ብሎ በየብሱ ላይ በሚገኘው በእምኩሉ መንደር ነበር። ምጽዋ የጣፈጠ ውሃ የላትም፤ የከተማው ሕይወት የተንጠለጠለው በእምኩሉ ጕድጓዶች ላይ ነበር፤ ባለጸጎቹ የደሴቲቱ ነጋዴዎችም በዚያ ቤት ነበራቸው፤ ኋላም በ1870ዎቹ የግብፅ አገረ ገዥ የነበረው ስዊሱ ቬርነር ሙንሲንገር ደሴቶቹን ከየብስ ጋር የሚያገናኘውን የድንጋይ ድልድል ባሠራ ጊዜ ውሃውም ከዚያው ወደ ከተማው እንዲወርድ ተደረገ። እንግዲህ በውሃ ጕድጓድ አጠገብ ቤት የሠራ ሰው ጎረቤቱን ሳያውቅ ሊኖር አይችልም። ሊያስተምሩ የመጡት ሰዎች በፊት ተማሪዎች መሆን ግድ ሆነባቸው፤ ከእረኛው ትግረን፣ ከደጋ ከወረደው ሰው ትግርኛን፣ ከገበያው ዓረብኛን መቃረም ጀመሩ።

ኦሮምኛውስ? ከሁሉ የሚያስደንቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሊደርሱበት ያልቻሉት ሕዝብ ራሱ፣ ልጆቹ በባርያ ፈንጋዮች እጅ እየተጋዙ ወደ እነርሱ ደጅ ይመጣ ነበርና። በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ በ1856 ገደማ የተወለደውና ሂካ የተባለው ሕፃን ገና ልጅ ሳለ ተሰርቆ፣ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ ሲለወጥ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1870 ሙንሲንገር ነፃ አውጥቶ ለእምኩሉ ትምህርት ቤት ሰጠው፤ በ1872 የትንሣኤ በዓል ዕለት ሲጠመቅም፣ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት ባማለደለት ባርያ ስም ኦኔሲሞስ ተባለ።

በ1876 ኦኔሲሞስ ነሲብ በተራው እንግዳ ሆኖ ስቶክሆልም መጣ፤ ማኅበሩ ባቋቋመው በዮሐነሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤትም አምስት ዓመት ተማረ። ስለ ጉዞ የሚጽፉ ሰዎች ሁልጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ የወረደውን እንጂ ከደቡብ ወደ ሰሜን የወጣውን መርማሪ ማለት አይሆንላቸውም፤ ነገር ግን ማንም ከማያውቀው አገር ገብቶ ቋንቋውን ለምዶ፣ ትምህርቱን ፈጽሞ፣ በ1881 የተመለሰ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊባል ነው? ተመልሶ በሱዳን በኩል ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት ቢሞክር መንገዱ አሁንም እንቢ አለው፤ ስለዚህ በእምኩሉ ተቀምጦ የትርጓሜ ሥራውን ያዘ። በቋንቋው ርዳታ ያደረገችለት በ1880ዎቹ የኢጣልያ መርከብ ከባርያ ነጋዴዎች ያስጣላት አስቴር ጋኖ ነበረች፤ እርሷ ቃላቱንና የአገሯን ተረትና ምሳሌ እያሰባሰበች፣ እርሱ እየተረጐመ፣ በዚያው በእምኩሉ ማተሚያ ቤት በ1893 ሐዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ከማተሚያ ቤት ወጣ። ኦኔሲሞስ በ1904 ወለጋ እስኪደርስ ድረስ፣ የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ መሠረት የተጣለው ኦሮምኛ በማይነገርበት በዚህ የባሕር ዳር መንደር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ምጽዋ ብዙ አየች። ኢጣልያ በ1885 ያዛት፤ በጥር 1887 ራስ አሉላ ከእምኩሉ ብዙም በማይርቀው በዶጋሊ የኢጣልያን ጦር ደመሰሱ፤ ሚሲዮኑም ዋና ሥራውን ወደ ደጋው አወጣ። በየካቲት 1990 በከተማይቱ በተደረገው ውጊያና ተከትሎ በወረደው የአውሮፕላን ድብደባ ብዙዎቹ የኮራል ቤቶች ፈረሱ፤ ከ1993 ጀምሮ የኤርትራ ወደብ ናት። በጦርነቱ ዘመን ወደ ስቶክሆልም ከተሰደዱት ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚገኙት በዚሁ በስቶክሆልም ሰሜናዊ ምዕራብ በሪንከቢ፣ በቴንስታና በሑስቢ ነው፤ የባሕረ ኤርትራን ጨዋታ ለመስማት የሚሻ ስቶክሆልማዊ ከከተማው ባቡር ላይ መሳፈር ይበቃዋል።

ምጽዋን በዓይኑ ለማየት የሚሄድ ሰው ግን አንድ ነገር ቢያውቅ መልካም ነው። ከአሥመራ የሚወርደው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር ወለል ያደርሳልና፣ ብዙ ጐብኚዎች ማለዳ ወርደው ለምሽት ይመለሳሉ፤ እኩለ ቀን ላይም በሮቹ ተዘግተው፣ ሰዉ በጥላ ሥር ተኝቶ ያገኙና ከተማይቱ የሞተች ይመስላቸዋል። የባጽዕ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ በየመን ሥርዓት በጭቃ ምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ ከቂጣ ጋር አቅርቦ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይጨዋወታል፤ እዚያ ለማደር ያልተሰናዳ ሰው ባይወርድ ይሻለዋል።