የበሩ መዝገብና የጣቢያው መዝገብ

ስለ ተማሪዎች ደኅንነት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ማደሪያና የምግብ አዳራሽ ያለውን፣ በአጥር የተከበበውን ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ላይ በሙያ ኮሌጅ የሚማረው ወጣት ኑሮው ሌላ ነው። ከሰበታ፣ ከዓለም ገና፣ ከቤቴል ወይም ከዘነበወርቅ በታክሲ ይመጣል። የማታ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ከሥራ ተነሥቶ ይደርስና ጨለማ ለብሶ ይወጣል። ግቢው ውስጥ አያድርም። ስለዚህ ለእሱ አደጋ ያለው ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከኮሌጁ በር እስከ ታክሲ ተራው ባለው መንገድ፣ ታክሲው ውስጥም ጭምር ነው።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃዎች ሥራቸው ቀላል ይመስላል፦ መታወቂያ ማየት፣ መፈተሽ፣ እንግዳ መመዝገብ። ላፕቶፕ ይዞ የሚገባ ሰው የማሽኑን ዓይነትና ሴሪያል ቁጥር ያስመዘግባል፤ ሲወጣም ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ወረፋው ያሰለቻል፣ ግን ያቺ መስመር ትልቅ ጥቅም አላት። ንብረት ጠፍቶ ፖሊስ ጋ ሲኬድ መጀመሪያ የሚጠየቀው መለያ ቁጥር ነው። ጥቁር ላፕቶፕ በከተማው ሙሉ ስለሆነ ቁጥር የሌለው ባለቤት ዕቃው ቢገኝ እንኳ የእሱ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። ስልክም እንዲሁ 15 አኃዝ ያለው የራሱ መለያ አለው፤ *#06# ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ተማሪ ሁሉ ይህን ቁጥር ስልኩ ውስጥ ሳይሆን ደብተሩ ላይ ጽፎ ቢይዘው መልካም ነው።

ግቢ ውስጥ ችግር ሲፈጠር ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ከጥበቃ ወደ ተማሪዎች ዲን፣ ከዲኑ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው ለሥራው የሚበቃ ሥልጣን አለው፤ ያስጠነቅቃል፣ ከትምህርት ያግዳል፣ ያሰናብታል። ፈተና ለኮረጀ ወይም ክፍል ውስጥ ለረበሸ ይህ በቂ ነው። ነገር ግን ኮሚቴ ተጠርጣሪ አይዝም፣ ቤት አይበረብርም፣ ክስ አይመሠርትም። ድብደባ፣ ውንብድናና አስገድዶ መድፈር የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ነገር የሚበላሸው። ኮሌጁ ስሙ እንዳይጎድፍ ይፈራል፣ ቤተሰብ ገመናው እንዳይወጣ ይጨነቃል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ተበዳዩም «ጎመን በጤና» ብሎ ይተወዋል። ሽምግልና የተጣሉ ጓደኛሞችን ለማስታረቅ የከበረ ባህላችን ነው። ከባድ ወንጀልን ለመሸፈን ሲውል ግን አጥፊውን ለሚቀጥለው ተማሪ ያስተርፈዋል።

ለማመልከት የኮሌጅ ፈቃድ አያስፈልግም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ድርጊቱ ሲፈጸም በዐይኑ ባያይም እንኳ ወንጀል መፈጸሙን የማስታወቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ጓደኛ፣ መምህር ወይም ጥበቃ ማመልከት ይችላል። አስቸኳይ ከሆነ በ991 ለአዲስ አበባ ፖሊስ ይደወላል፤ ካልሆነ ወደ ቅርቡ ጣቢያ ይኬዳል።

ጣቢያ ውስጥ የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ፍርሃትን ያቀላል። ተረኛው ፖሊስ ነገሩን ይሰማና ይመዘግባል፤ ከዚያ መርማሪ ቃል ይቀበላል። የተነገረው በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ለአመልካቹ ይነበብለታል፣ ቀን ተጽፎበት ይፈርማል። ይህችን የማንበብ ደረጃ በችኮላ ማለፍ ትልቅ ጉዳት አለው። «ሁለት ሆነው ያዙኝ» ያለው ሰው «አንድ ሰው ያዘኝ» ተብሎ ከተጻፈ ከወራት በኋላ ችሎት ፊት የሚጠየቀው በዚያች በፈረመባት ወረቀት ነው። የተሳሳተ ቃል ካለ ከመፈረም በፊት ማስታረም መብት ነው። ሲወጡም የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ይዞ መውጣት ይገባል። ያለ ቁጥር ተመልሶ የመጣ አመልካች ነገሩን ከሀ መጀመሩ አይቀርም።

«ይህቺ እንኳ ለፖሊስ የምትሆን አይደለችም» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። የዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 22 ግን ፖሊስ የቀረበለትን ጥቆማ ወይም አቤቱታ ቢጠራጠረው እንኳ ምርመራውን እንዲያከናውን ያዝዘዋል። በእኔ እምነት በየኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው አንቀጽ ይህ ነው። ዕውነቱን ማጣራት የምርመራው ሥራ ነው፤ አመልካቹ በር ላይ ማስረጃውን ጨርሶ እንዲያቀርብ አይጠበቅበትም። በሐሰት መክሰስ ወንጀል መሆኑ እውነት ነው፤ ያ ግን የሚመለከተው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን የሚከስሰውን እንጂ በቅን ልቦና የተሳሳተውን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚደበቀው በተማሪና በመምህር መካከል ያለው በደል ነው። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በአስተማሪነት ወይም በመሰለው ሥልጣን ተጠቅሞ ከሴት ላይ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ሌላ ለክብረ ንጽሕና ተቃራኒ የሆነ ድርጊት ማግኘትን በወንጀልነት ይቀጣል። ውጤት ለማስተካከል ተብሎ የሚቀርብ ጥያቄ ከዚህ ርቆ አይሄድም። ነገር ግን ክሱ የሚነሣው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው፤ አቤቱታውም የጊዜ ገደብ አለው። «ሴሚስተሩ ይለቅ» ብሎ መጠበቅ መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

አስገድዶ መድፈር ሲሆን ሰዓቱ ይበልጥ ይጠብባል። ገላን ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳያጥቡ ሐኪም ቤት መሄድ ለማስረጃውም ለጤናውም ይበጃል። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቀድሞ በተጀመረ መጠንም ይሻላል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘ ማዕከል አለው፤ ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እንዳትደጋግም ታስቦ የተቋቋመ ነው።

አየር ጤና ይህን ርዕስ ከሩቅ የሚያየው ሰፈር አይደለም። መስከረም 21 ቀን 2007 ዓ.ም. የ16 ዓመቷ ተማሪ ሐና ላላንጎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚሁ አካባቢ ታክሲ ውስጥ ገብታ ታፈነች፤ በቡድን ተደፍራ ከቀናት በኋላ ተጥላ ተገኘች፤ ጥቅምት 22 ቀን በሆስፒታል አረፈች። ተከሳሾቹ ጥፋተኛ ተብለው ተፈርዶባቸዋል። ፍትሕ ለሐና የሚለው ጩኸት አገር አዳረሰ። ወንጀሉ የጀመረው ግን ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ፣ ሁላችንም በየዕለቱ በምንሳፈርበት ዓይነት መኪና ውስጥ ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ የአንዲት ወጣት ሞት ሕግ አስወጥቷል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1986 በፔንሲልቬንያ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው የ19 ዓመቷ ጂን ክሌሪ በማደሪያ ክፍሏ ተደፍራ ተገደለች። ገዳዩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በራሳቸው ሊቆለፉ የሚገባቸው በሮች በፒዛ ካርቶን ተደግፈው ክፍት ስለነበሩ ያለ ችግር ገባ። ወላጆቿ በዚያ ግቢ ከዚያ በፊት በርካታ ወንጀሎች መፈጸማቸውን፣ ለማንም አለመነገሩንም ኋላ ላይ ዐወቁ። በትግላቸው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና ዛሬ በልጃቸው ስም የሚጠራው ሕግ የመንግሥት የተማሪ ድጋፍ የሚያገኝ ኮሌጅ ሁሉ፣ ማደሪያ የሌላቸውን የሁለት ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጆች ጨምሮ፣ የሦስት ዓመት የወንጀል ቁጥሩን በየዓመቱ እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት መጀመሪያ እንዲያወጣ ያስገድዳል። አደጋው ገና ካላበቃ ተማሪዎችን ወዲያው ማስጠንቀቅም ግዴታው ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ድንጋጌው ነው፦ ኮሌጁ የሚቆጥረው አጥሩ ውስጥ የሆነውን ብቻ ሳይሆን ከግቢው ጋር ተያይዞ ባለው መንገድና የእግረኛ መሄጃ ላይ የተፈጸመውንም ነው። «ከበር ውጭ አይመለከተንም» የሚባል መልስ እዚያ አይሠራም።

እኛ ጋ የበሩ መዝገብ አለ፣ የጣቢያውም መዝገብ አለ፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም፣ ተማሪውም አያያቸውም። አንድ ኮሌጅ ይህን ለማስተካከል አዲስ ዐዋጅ መጠበቅ የለበትም። የማንንም ስም ሳይጠቅስ በየሴሚስተሩ ስንት ስልክ ተነጠቀ፣ ስንት ድብደባ ደረሰ፣ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው መታጠፊያ ላይ ብሎ አንድ ገጽ ቢለጥፍ፣ አዲስ የሚመዘገብ ተማሪም ወላጁም ያነበዋል። ያው ገጽ ለወረዳው ፖሊስ ቢደርስ የማታ ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ጥበቃ የት ቦታ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። መብራት የሌለው የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ለማመልከትም ይኸው ገጽ ከማመልከቻው ጋር ሊያያዝ ይችላል።