የወጌሻው እጅና የሦስተኛ ወገን ዋስትና በገዳሪፍና በመተማ ድንበር

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ተነስቶ በጋላባት በኩል ወደ ኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ በሚዘልቀው መንገድ ዳርና በየሰሊጡ እርሻ፣ ወለምታ የደረሰበት ወይም አጥንቱ የተሰበረ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከሐኪም አስቀድሞ የሚፈልገው ኢትዮጵያዊው ወጌሻ፣ ሱዳናዊው በሲር የሚለውን ባለሙያ ነው፤ ወገቡን የሚያመው ይታሻል ወይም ዐረቦች ሒጃማ በሚሉት ዋግምት ደሙን ያስወጣል፣ ሴቶች በግራር እንጨት ጢስ ሰውነታቸውን የሚታጠኑበት ዱኻንም የአካባቢው የቆየ ልማድ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች ብዙዎችን ያሳርፋሉ፣ ጉዳት ማድረሳቸውም አይቀርም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞች በተደጋጋሚ እንደመዘገቡት፣ ከልክ በላይ የጠበቀ የወጌሻ ማሰሪያ የደም ዝውውርን አቋርጦ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል፤ ንጽሕናው ያልተጠበቀ የዋግምት ምላጭም በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያጋባ ይችላል።

የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዝዛል፣ ግዴታውን አለማወቁ በግልጽ የሚታይበት ቸልተኝነት ከፈጸመም ተጠያቂ ያደርገዋል። ይህ ተጠያቂነት ግን ከዕለት ገቢው በቀር ሀብት በሌለው ወጌሻ ላይ ሲያርፍ ፍርዱ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የኃላፊነት መድን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በዚህ ዓይነቱ ውል ባለሙያው አረቦን የሚባለውን ክፍያ ይከፍላል፣ መድን ሰጪው ደግሞ ባለሙያው በሥራው ስህተት በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት በውሉ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ካሳውን ይሸፍናል። ውሉ የሁለቱ ስለሆነ ተጎጂው ሦስተኛ ወገን ይባላል።

ሽፋኑን ወደ ሌሎች ማስፋት ሲባል ግን ከተጎጂው ሌላ ያሉ ሰዎችም ይነሳሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በተከራየችው ክፍል ሰው የምታሽ ባለሙያ ደንበኛዋን ብትጎዳ፣ ከሳሹ ከእርሷ ጋር አከራዩን ወይም ያስጠጋትን ሆቴል ሊከስ ይችላል፤ በኢትዮጵያ ሕግ አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው፣ የሕንፃ ባለቤትም ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነውና። ስለዚህ አከራዩ በባለሙያዋ የመድን ውል ላይ ተጨማሪ መድን ገቢ ሆኖ እንዲሰፍር ይጠይቃል፣ ኩባንያውም ከውሉ ጋር በሚታከል የጽሑፍ ማሻሻያ ስሙን ያስገባል። ይህ በእርሷ ሥራ ምክንያት ሲከሰስ ይከላከልለታል እንጂ ለራሱ ጥፋት ሁሉ ጋሻ አይሆንለትም። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የተጨመረው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚካፈለው ያንኑ የካሳ ጣሪያ መሆኑ ነው፤ በሦስት ቦታ የምትሠራ ባለሙያ ሦስቱንም አከራዮች ብታስመዘግብ በዓመቱ የሚነሱት ክሶች ሁሉ ከአንድ ድምር ስለሚቀነሱ፣ ጣሪያውን ሳያሳድጉ ስም መደርደር የመጨረሻውን ተጎጂ ባዶ እጁን ሊያስቀር ይችላል።

በገዳሪፍ በኩል ነገሩ የጠለቀ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. የ1991 የሱዳን የወንጀል ሕግ በስህተት ለተፈጸመ ግድያ ወይም የአካል ጉዳት ዲያ የተባለ የደም ካሳ እንዲከፈል ያደርጋል፤ የሙሉ ዲያ መለኪያው መቶ ግመል ወይም ተመጣጣኙ ገንዘብ ነው። ይህን ዕዳ ጥፋተኛው ብቻውን አይሸከምም፤ ዓቂላ የሚባሉ በዕዳው የሚተባበሩት ወገኖቹ ይካፈሉታል፣ ይኸው ሕግም ዓቂላን ሲተረጉም ከዘመዶች ጋር መድን የሰጠውን ድርጅትና የሚሠራበትን ተቋም ይቆጥራል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ከጎንደር ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ወይም በኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ የሚኖር ወጌሻ ዕዳውን የሚካፈለው ወገን በአቅራቢያው ባይኖረውም፣ ሕጉ በዘመድ ፋንታ መድን ሰጪ እንዲቆምለት በሩን ከፍቷል። በሃይማኖቱ ምክንያት መድንን የሚሸሽ ሰውም አማራጭ አለው፤ አባላት መዋጯቸውን ለመረዳጃ በስጦታ መልክ የሚያስቀምጡበት ተካፉል የተባለው አሠራር፣ እንደ እድር ተጋግዞ የመሸከም መንፈስ ያለው ሲሆን፣ በኩባንያ ደረጃ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያው በሱዳን ነው።

ድንበር የሚሻገር ዋስትናም በዚህ መንገድ ላይ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያና ሱዳን ያሉበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚሠራው የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) ቢጫ ካርድ በአንዱ አገር የተገዛ የተሽከርካሪ መድን በሌላው አገር ለተጎዳ ሦስተኛ ወገን እንዲያገለግል ያደርጋል። የጭነት መኪናው እንዲህ ያለ ዋስትና ሊኖረው ሲችል በዚያው መኪና የሚሻገረው ወጌሻ ምንም አለመያዙ ተገቢ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ሱዳናውያንም ወደ መተማ ስለተሰደዱ፣ ታካሚና አካሚ የሚገናኙት በድንበሩ ግራና ቀኝ ነው።

ዋናው መሰናክል ፈቃድ ነው፤ መድን ሰጪዎች ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሥራን በአብዛኛው አይሸፍኑም። ስለዚህ የጤና መሥሪያ ቤቶች ወጌሻዎችንና ዋግምት የሚያደርጉትን በማኅበር አደራጅተው ቢመዘግቧቸው፣ መድኑ በማኅበሩ ስም በጅምላ ሊገዛና አረቦኑ ለእያንዳንዱ ሊቀልለት ይችላል። ውሉ የሚጸናበት ቦታ መተማንም ገዳሪፍንም በስም እንዲጠራ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ዘግይቶ ስለሚታወቅ፣ የኢትዮጵያ ሕግም ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ስለሚሰጥ፣ ሽፋኑ ባለሙያው ሥራውን ከተወ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መቀጠል ይኖርበታል።