ቫይረስ የማይገባበት ላፕቶፕ አለ?

ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ከሻጭ አፍ ከሚሰማቸው ማግባቢያዎች አንዷ «ይሄ ማክ ነው፤ ቫይረስ አይገባበትም» የምትለዋ ናት። ዴልን ከቶሺባ፣ ኤችፒን ከሌኖቮ የሚያበላልጡም አሉ። ይኼኛው ክርክር ቶሎ ያልቃል። አራቱም በብዛት የሚሸጡት ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ነው፤ ማልዌር (ቫይረስን ጨምሮ ጎጂ ሶፍትዌር ሁሉ) ደግሞ የሚያጠቃው ሶፍትዌሩን እንጂ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም። እንዲያውም በ2014 መጨረሻ ገበያ ላይ የዋሉ በርካታ የሌኖቮ ላፕቶፖች «ሱፐርፊሽ» የተባለ፣ የኢንተርኔት ግንኙነትን ደህንነት የሚያዳክም የማስታወቂያ ፕሮግራም ከነካርቶናቸው ይዘው ነበር የመጡት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአፕል ምርት የሆነው የማክ ነገር ግን ከፊሉ እውነት ስለሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ተገላቢጦሽ ነበር። በ1982 ሪቻርድ ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ «ኤልክ ክሎነር» የተሰኘ ቫይረስ ጻፈ። ከዲስክ ወደ ዲስክ እየተገለበጠ የተሰራጨው በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ነበር። የአይቢኤም ፒሲዎችን ያጠቃው «ብሬን» ከፓኪስታኗ ላሆር የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ማክ ኋላ ላይ መልካም ስም ያተረፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የገበያ ስሌት ነው፤ ማልዌር የሚጽፍ ወንበዴ ልፋቱ ብዙ ሰው ላይ እንዲደርስለት ይፈልጋል፣ በየቢሮውና በየቤቱ የነበረው ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ሌላው የአሠራር ልዩነት ነው። ማክ አንድ ፕሮግራም ዋና ዋና ክፍሎቹን ከመንካቱ በፊት የይለፍ ቃል ይጠይቅ ነበር፤ የዚያ ዘመን ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ተጠቃሚውን ብዙ ጊዜ በሙሉ ሥልጣን ስለሚያሠራው፣ አብሮት የገባው ማልዌርም ሥልጣኑን ይወርስ ነበር።

ይህ መልካም ስም በ2012 ጎደፈ። «ፍላሽባክ» የተባለ ማልዌር ከ600,000 በላይ ማኮችን ያዘ። የገባው ጃቫ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ነው። የጃቫ ባለቤት ኦራክል ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ በፌብሩዋሪ አጋማሽ አውጥቶ ነበር፤ አፕል ግን ለደንበኞቹ ያደረሰው በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። የማክ ተጠቃሚው የተጎዳው በዚህ የሰባት ሳምንት መዘግየት ነው። አፕል በዚያው ዓመት ማክ የፒሲ ቫይረስ እንደማይዘው የሚናገረውን ሐረግ ከድረ ገጹ አነሳ። በ2021ም የኩባንያው የሶፍትዌር ኃላፊ ክሬግ ፌዴሪጊ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ማክ ላይ ያለው የማልዌር መጠን ተቀባይነት የሌለው መሆኑን መስክሯል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳ የሌለው ሶፍትዌር እስካሁን አልተሠራም። አምራቹ ማሻሻያ ባወጣ ቁጥር ደግሞ አጥቂው አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አነጻጽሮ ቀዳዳው የት እንደነበር ያገኘዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማሻሻያውን ያልጫነ ኮምፒውተር ከበፊቱ የባሰ ይጋለጣል። በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው «ዋናክራይ» የተባለ ማልዌር የተንሰራፋበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ደፍኖት ነበር። በብዛት የተመቱት ያላደሱት ናቸው።

ታዲያ ማደስ የማይችል ሰውስ? እስከ ኤፕሪል 2023ቱ ጦርነት ድረስ ብዙ ሐበሾች በኖሩባት አል-ሳሃፋ፣ በደቡባዊ ካርቱም፣ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ሌላ አገር ካለው ዘመዱ ጋር አንድ ዓይነት ማሽን ሊኖረው ይችል ነበር። ከአምራቹ ጋር ያለው ግንኙነት ግን አንድ አልነበረም። አሜሪካ ከኖቬምበር 1997 ጀምሮ በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ ሶፍትዌርንም ይጨምር ነበር። በባንክ ካርድ ከፍሎ ሕጋዊ ፈቃድ መግዛት ስለማይቻል፣ ሰው ወይ አገሩን በሚደብቅ ቪፒኤን ዞሮ ያወርድ፣ ወይ ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ፕሮግራም በፍላሽ ይቀባበል ነበር። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ደግሞ እንዳይነቃበት ሲባል ማሻሻያው የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋሽንግተን የግል መገናኛ መሣሪያዎችንና ሶፍትዌራቸውን የፈቀደችው በፌብሩዋሪ 2015 ሲሆን፣ የንግድ ማዕቀቡ የተነሳው በኦክቶበር 2017 ነው። በእነዚያ ዓመታት ብራንዱ ያው፣ ሞዴሉም ያው ሆኖ፣ ደህንነቱ ግን እንደ አገሩ ይለያይ ነበር።

እስካሁን የተባለው ያገኘውን ሁሉ ስለሚያጠምድ ማልዌር ነው። ሰውን መርጦ የሚመጣ የስለላ ሶፍትዌር ሲሆን የብራንድ ነገር ከናካቴው ዋጋ ያጣል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ የሚኖሩ ሁለት የኢትዮጵያውያኑ ቴሌቪዥን የኢሳት ባልደረቦች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ በስካይፕ ሰነድ መሳይ ማልዌር እንደተላከባቸው አሳይቷል። መሣሪያው «ሃኪንግ ቲም» ከተባለ የጣሊያን ኩባንያ የወጣ ነበር፤ ኩባንያው ለዊንዶውስም፣ ለማክም፣ ለሊኑክስም፣ ለስልክም የሚሆን አዘጋጅቶ ለመንግሥታት ይሸጥ ነበር። በጁላይ 2015 የኩባንያው ምስጢራዊ ሰነዶች ሲዘረገፉ፣ ለሱዳን የደህንነት መሥሪያ ቤት የተጻፈ የ480,000 ዩሮ ደረሰኝ ተገኘ። ላፕቶፑን ሊያድስ የሚፈልገው የካርቱም ነዋሪ ማዕቀቡ ሲያግደው፣ የስለላ መሣሪያው ገበያ ግን ለመንግሥቱ ክፍት ነበር።

በ2016 እና 2017ም ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሊንኩ የሚወስደው ኤርትራውያን ቪዲዮ የሚያዩበትን «ኢስትአፍሮ» አስመስሎ ወደ ተሠራ ገጽ ነው፤ ገጹም ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር የተባለውን ማጫወቻ ያድሱ ይል ነበር። «ማሻሻያው» ራሱ ሰላዩ ነበር። ሰው ተታሎ በገዛ እጁ ሲጭነው፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው የባለቤቱን ትእዛዝ ነው።

እርግጥ ልዩነት ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። የዛሬው ማክ ያልታወቀ ፕሮግራም ሲከፈት ያግዳል፤ ሊኑክስ አብዛኛውን ፕሮግራም ከራሱ ማከማቻ ያወርዳል፤ አዲሱ ዊንዶውስም የራሱ አንቲቫይረስ አለው። ሁሉም የሚጠቅሙት ግን እስከታደሱ ድረስ ነው። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ አዲሱን የማክ ሶፍትዌር የማይቀበሉ አሮጌ ማኮችም ሞልተዋል። ስለዚህ ገዢ ሻጩን መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ ይህ ማሽን ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ መቼ ነው? ዊንዶውሱ ሕጋዊ ነው ወይስ ክራክ? ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫንበት? ሦስቱም አጥጋቢ መልስ ያገኙለት ተራ ላፕቶፕ፣ ማሻሻያ ከተቋረጠበት ውድ ማክ ይሻላል።