አራውንድ ዘ ክሎክ (የእንግሊዝኛ ፈሊጥ)

«አራውንድ ዘ ክሎክ» ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ የሚካሄድን ነገር የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ራውንድ ዘ ክሎክ» የሚለው መልክ ይዘወተራል። ቃል በቃል ሲታይ «በሰዓቱ ዙሪያ» ማለት ቢሆንም፣ ትክክለኛ አቻዎቹ «ሌት ተቀን»፣ «ቀን ከሌት» ወይም «24 ሰዓት ሙሉ» የሚሉት ናቸው። ፈሊጡ በዜና፣ በአገልግሎት ማስታወቂያና በሕክምና ጽሑፎች በብዛት ይገኛል። ትርጉሙም እንደሚነገርበት ጉዳይ በመጠኑ ይለያያል።

የቃላቱ ምንጭ

ምስሉ የተወሰደው ክብ ገጽ ካለው የግድግዳ ወይም የጠረጴዛ ሰዓት ነው። አጭሩ ቆጣሪ ገጹን አንድ ጊዜ ለመዞር 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሁለት ዙር ይሆናል። በእንግሊዝኛ «ስሊፕ ዘ ክሎክ ራውንድ» የሚል ተዛማጅ አባባል አለ፤ ይህ 12 ሰዓት ያህል መተኛትን ያመለክታል፤ ማለትም አንዱን ዙር ብቻ ይቆጥራል። «አራውንድ ዘ ክሎክ» ግን ሁልጊዜ የሚታሰበው 24 ሰዓት ሆኖ ነው።

አገባቡ

ፈሊጡ ከግሥ በኋላ ሲመጣ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ይናገራል፤ «ሠራተኞቹ ሌት ተቀን ሠሩ» እንደማለት ነው። ከስም በፊት ሲመጣ ደግሞ ስሙን ይገልጻል፤ «የ24 ሰዓት ጥበቃ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ በሁለተኛው አገባብ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በቃላቱ መካከል ጭረት ይደረጋል።

አንባቢ በመጀመሪያ መለየት ያለበት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው። ባለቤቱ ሆስፒታል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ወይም አየር ማረፊያ ከሆነ አባባሉ እንዳለ እውነት ሊሆን ይችላል። ሥራው አይቋረጥም፤ ሠራተኞቹ ግን በፈረቃ ይተካካሉ። አንድ ቀን ለሦስት የ8 ሰዓት ፈረቃ መከፈሉ የተለመደ ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ማጋነን ነው። «መጽሐፉን ለመጨረስ አራውንድ ዘ ክሎክ ሠራች» ሲባል እንቅልፍ አልተኛችም ማለት አይደለም፤ እጅግ ደክማ ሠራች ማለት ነው። አማርኛውም «ልጆቿን ለማሳደግ ሌት ተቀን ትለፋለች» ሲል በዚሁ መንገድ ያጋንናል።

በታሪክ ውስጥ

አባባሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትልቅ ቦታ አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 በካዛብላንካ ጉባኤ ላይ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች እንደ ብሪታንያዎቹ በሌሊት እንዲዘምቱ ፈልገው ነበር። አሜሪካዊው ጄኔራል አይራ ኢከር ግን አሜሪካውያን በቀን፣ ብሪታንያውያን በሌሊት ቢደበድቡ ጀርመን ፋታ እንደማታገኝ አስረዱ። ይህን ሐሳብ ለመግለጽ በማስታወሻቸው የተጠቀሙበት ይህንኑ ፈሊጥ ነበር። ቸርችልም ተስማሙ። እዚህም ላይ ያልተቋረጠው ድብደባው እንጂ የእያንዳንዱ አብራሪ በረራ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ አባባሉ ወደ መዝናኛ ዓለም ገባ። ቢል ሄሊና ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1954 የቀረጹት «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» የተባለ ዘፈን በቀጣዩ ዓመት በአንድ ፊልም ውስጥ ከተሰማ በኋላ በዓለም ዙሪያ ታዋቂ ሆነ።

ከተቀራራቢ አባባሎች ጋር ያለው ልዩነት

«ትዌንቲ ፎር ሰቨን» ተብሎ የሚነበበው «24/7» በቀን 24 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን ማለት ነው። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንደ መጀመሪያ ማስረጃ የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካው የስፖርት መጽሔት «ስፖርትስ ኢለስትሬትድ» የወጣን የአንድ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ንግግር ነው። «24/7» በዓልና ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ማለቱ ነው። «አራውንድ ዘ ክሎክ» ግን ለጥቂት ቀናት ብቻ ለቆየ የነፍስ አድን ሥራም ሊነገር ይችላል።

«አጌንስት ዘ ክሎክ» ደግሞ የተወሰነ ጊዜ ከማለፉ በፊት ለመጨረስ መሽቀዳደም ነው። ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ግን «አራውንድ ቱ ኦክሎክ» የሚለው ነው፤ በእሱ ውስጥ «አራውንድ» ማለት «ገደማ» ነው። በአማርኛ «ሰዓት» የሚለው ቃል መሣሪያውንም ጊዜውንም ስለሚጠራ፣ ፈሊጡን «በሰዓቱ ዙሪያ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሳያስበው «በዚያ ሰዓት ገደማ» የሚል ስሜት ይሰጣል።

በሕክምና ጽሑፎች

በሕክምና እንግሊዝኛ ፈሊጡ ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው። መድኃኒት «አራውንድ ዘ ክሎክ» ይሰጥ ሲባል በ24 ሰዓት ውስጥ እኩል በተራራቁ ሰዓታት፣ ሌሊትንም ጨምሮ፣ ይሰጥ ማለት ነው። ተቃራኒው «ሲያስፈልግ ብቻ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያም መድኃኒቱ ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ ተመክሯል።

ስለዚህ በዚህ ቦታ «ያለማቋረጥ» ወይም «ሌት ተቀን» የሚለው ትርጉም በቂ አይደለም፤ ታማሚው መቼ መቼ እንደሚወስድ አይነግረውም። «በየ6 ሰዓቱ» ወይም «በየ8 ሰዓቱ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቢጀመር ቀጣዮቹ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናሉ። በእንግሊዝኛው አቆጣጠር እነዚሁ ሰዓታት 6፣ 2 እና 10 ተብለው ይጻፋሉ። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ብቻ ከሰፈረ አንባቢው በስድስት ሰዓት ሊሳሳት ስለሚችል፣ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚለውን መጨመርና የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል።